ዳያሊስስ ላይ ላለ የኡበር ሹፌር ሁለት የእምቢታ ደብዳቤ መጣ፤ ከየት እንጀምር?

ሀና ከአሌክሳንድሪያ፦
ሰላም ወገኖች። ወንድሜ 41 ዓመቱ ነው። በ2014 በዲቪ ገብቶ ኡበር ሲነዳ ነው የኖረው፤ ዜግነት ወስዷል። ካለፈው ማርች ጀምሮ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የኩላሊት እጥበት ላይ ስለሆነ ሥራ አቁሟል። አሁን እኔ ቤት ነው፤ አራት ሆነን እንኖራለን። ለሶሻል ሴኪውሪቲ ዲሴቢሊቲ (በሕመም መሥራት ላልቻለ የሚከፈል) አመልክተን ኦክቶበር 6 ቀን 2025 የተጻፉ ሁለት ደብዳቤዎች ደረሱን። አንዱ «20 ክሬዲት ያስፈልጋል፣ ያለህ 13 ነው» ይላል። ሌላው ባንክ ውስጥ 3,400 ዶላር ስላለው አይገባውም ይላል። ከዚያ ውስጥ 2,800ው የዕቁብ ብር ነው፣ ሰብሳቢው እሱ ስለሆነ። ሐኪሞቹ በግልጽ ጽፈውለት እያለ እንዴት ይከለከላል? ይግባኝ ይሻላል ወይስ አዲስ ማመልከቻ?

ፎርም ሞይ፦
ሀና፣ በመጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በይ፤ በሽታውን ገና ማንም አላየውም። ሁለቱም ደብዳቤዎች ፋይሉ ወደ ሐኪም ገምጋሚዎቹ ከመድረሱ በፊት በር ላይ የመለሱት ናቸው። ስለዚህ ተጨማሪ የሐኪም ወረቀት ብትቆልዪ ለውጥ አያመጣም።

ያመለከታችሁት ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። ኤስኤስዲአይ ሠርቶ ከከፈለው ግብር የሚመጣ መድን ነው፤ ክሬዲት (ግብር ከተከፈለበት ገቢ የሚቆጠር የሥራ ነጥብ፣ በዓመት እስከ አራት) ይጠይቃል፣ የባንክ ገንዘብ አይጠይቅም። ኤስኤስአይ ደግሞ ለችግረኛ የሚሰጥ ነው፤ ዜጋ ስለሆነ ክሬዲት አይጠየቅም፣ ግን ላላገባ ሰው ያለው ሀብት ከ2,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። የሚኖርበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም። በ2025 ሙሉ ክፍያው በወር 967 ዶላር ነው።

ይግባኙ ይቅደም፣ ለሁለቱም ለየብቻ። ፎርሙ ኤስኤስኤ-561 ነው። ጊዜው 60 ቀን ነው፤ ለፖስታ 5 ቀን ይጨምሩልሻል፣ ማለትም እስከ ዲሴምበር 10። ግን በአምስቱ ቀን አትመኪ። በእጅ አስገቢና ኮፒው ላይ ማኅተም አስመቺ። አዲስ ማመልከቻ ብቻ ብታስገቡ የኤስኤስአይ ሒሳብ ከአዲሱ ቀን በኋላ ካለው ወር ይጀምራል፤ ያለፉት ወራት ይቀልጣሉ።

ዲሲ ሾፌር፦
ምን ያደርጋል ይህ ሁሉ። ያንን 2,800 ለዘመድ አዙሩትና እንደገና አመልክቱ። ደግሞ እንግሊዝኛ አይችልም በሉ፣ እሱን ሲሰሙ ቶሎ ይሰጣሉ።

ፎርም ሞይ፦
ወንድሜ፣ ሁለቱም ጉዳት አላቸው። ሀብትን በስጦታ ማስተላለፍ እንደ መጠኑ እስከ 36 ወር ከኤስኤስአይ ሊያስቀር ይችላል። የባንክ ስቴትመንት ያያሉ፤ ዝውውሩ ዓይን ያወጣል። እንግሊዝኛ አለመቻል ደግሞ ከኤፕሪል 2020 ወዲህ በግምገማው ራሱን የቻለ ነጥብ መሆኑ ቀርቷል። አስተርጓሚ ግን በነፃ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ወደ ሶሻል ሴኪውሪቲ በ1-800-772-1213 ስትደውሉ «አምሐሪክ» በሉና ጠብቁ።

የዕቁቡ ነገር እውነት ስለሆነ እውነቱን ማስረዳት ይሻላል። በስሙ ብቻ ባለ አካውንት ውስጥ ያለ ገንዘብ የሱ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የሰው አደራ መሆኑን የማስረዳት ሸክሙ በእናንተ ላይ ነው። የሚያስፈልገው፦ የዕቁቡ ደብተር ኮፒ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር፣ የአባላቱ ስምና የዕጣ ተራ፣ እያንዳንዱ አባል «ይህን ያህል ከፍያለሁ፣ ገንዘቡ የእከሌ ተራ ነው» ብሎ የፈረመበት ወረቀት፣ እና ስቴትመንቱ ላይ የእያንዳንዱ ገቢ ከማን እንደመጣ የሚያሳይ ምልክት። በዜል (የባንክ ገንዘብ ማስተላለፊያ) የገባው ስሙን ይዞ ስለሚወጣ ቀላል ነው። በጥሬ ብር የገባው ነው የሚያስቸግረው። ፎርሙ ላይ ፊት ለፊት ቀርቦ የሚያስረዳበትን ምርጫ ምልክት አድርጉ፤ ዕቁብ ምን እንደሆነ ሠራተኛው ላያውቅ ይችላል፣ በወረቀት ብቻ ከሆነ አይገባውም። ዕቁቡ ከወጣ ቀሪው 600 ዶላር ነው፣ ያልፋል።

ከዚህ በኋላ ሰብሳቢነቱን ለሌላ ይስጥ። ሀብት የሚቆጠረው በወሩ የመጀመሪያ ቀን ባለው ነው። የራሱ ተራ ሲደርስም ገንዘቡ ቀጣዩ ወር ሲብት እጁ ላይ ካለ ይቆጠርበታል።

ጥላሁን ታክስ፦
የክሬዲቱን ጉዳይ እንዲሁ አትተዉት። ሀና፣ ከ2020 ወዲህ ያሉትን የግብር ወረቀቶች አውጪና ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት ቅጽ) ላይ የመጨረሻውን የትርፍ መስመር ንገሪኝ።

ሀና ከአሌክሳንድሪያ፦
2020፣ 9,800። 2021፣ 8,150። 2022፣ 310። 2023፣ 220። 2024፣ 180። ግን እኮ በዓመት ከ40 ሺህ በላይ ነው የሠራው!

ጥላሁን ታክስ፦
እዚያው ላይ ነው ነገሩ። የሹፌር ክሬዲት የሚሰላው ከተጣራ ትርፍ እንጂ ከገባው ገንዘብ አይደለም። ለምሳሌ 2023ን ውሰጂ፦ ተሳፋሪ የከፈለው 46,200፣ ኩባንያው የወሰደው 9,300፣ የተነዳው 56,000 ማይል በ65.5 ሳንቲም 36,680። ቀሪው 220 ዶላር። ከ400 በታች ስለሆነ የሶሻል ሴኪውሪቲ ግብር የለም፣ ክሬዲትም ዜሮ። ግብር ቀነሰልኝ ብሎ ደስ ይላል፣ ሒሳቡ በበሽታ ቀን ይመጣል። ማይሉን ሆን ብሎ አለመቀነስም አይፈቀድም።

ግን ስኬጁል ኤስኢ (የግል ሠራተኛ የሶሻል ሴኪውሪቲ ግብር የሚሰላበት ቅጽ) ላይ ብዙ ታክስ ሠሪ የማይነካው ሁለተኛ ክፍል አለ፤ አማራጭ ስሌት ይባላል። ትርፉ ትንሽ የሆነ ሰው ከጠቅላላ ገቢው ሁለት ሦስተኛውን፣ ግን ለአራት ክሬዲት ከሚበቃው ሳይበልጥ፣ እንዳገኘ አድርጎ የሶሻል ሴኪውሪቲ ግብሩን መክፈል ይችላል። ሁኔታዎቹ፦ ትርፉ ለዓመቱ ከተወሰነው ጣሪያ በታችና ከጠቅላላ ገቢው ከ72.189 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ቢያንስ በሁለቱ 400 ዶላርና ከዚያ በላይ የተጣራ ገቢ መኖር አለበት፤ በዕድሜ ልክ ከአምስት ጊዜ አይበልጥም።

የወንድምሽን እንይ። ለ2022፣ 2020ና 2021 አሉት፤ ያልፋል። ለ2023ም ያው ሁለቱ ይሠሩለታል። 2024 ግን አያልፍም፣ ወደኋላ ሲቆጠር 2021 ብቻ ነው የሚቀረው። ሁለቱ ዓመት 8 ክሬዲት ይሰጡታል፦ 13 ሲደመር 8፣ 21። በቂ ነው።

ዋጋው፦ ለ2022 በ6,040 ላይ 15.3 በመቶ፣ 924 ዶላር። ለ2023 በ6,560 ላይ 1,004 ገደማ። ወለድና ቅጣት ይጨመራል። ከተመዘገበ በኋላም ስሌቱን መቀየር ይፈቀዳል፤ ለየዓመቱ 1040-ኤክስ (የግብር ማረሚያ ቅጽ) ከአዲስ ስኬጁል ኤስኢ ጋር ይሞላል። የቀኑ ነገር ግን ቀልድ አይደለም። የግል ሠራተኛ ገቢ ሶሻል ሴኪውሪቲ መዝገብ ላይ የሚገባው ዓመቱ ካለቀ በ3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ውስጥ ከተመዘገበ ነው። ለ2022 ይህ ኤፕሪል 15 ቀን 2026 ላይ ያበቃል። ካመለጠ ግብሩን ብትከፍሉም ክሬዲት አይሆንም።

የታረመው ወረቀት እስኪያልፍ ወራት ሊወስድ ስለሚችል እሱን አትጠብቂ። ይግባኙን ዲሴምበር ሳይደርስ አስገቢ፤ የ1040-ኤክስ ኮፒ፣ የተላከበት ማረጋገጫና የከፈላችሁበት ደረሰኝ ከኤስኤስኤ-7008 (የገቢ መዝገብ ይታረምልኝ የሚባልበት ፎርም) ጋር ሲደርስ ይያያዛል።

ሜሮን፣ ዳያሊስስ ክፍል፦
ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ማዕከሉ እጥበት ሲጀመር ሲኤምኤስ-2728 የሚባል የኩላሊት ሕመሙን የሚያረጋግጥ ፎርም ሞልቷል። እያንዳንዱ ማዕከል ሶሻል ወርከር እንዲኖረው ግዴታ ነው፤ ሰኞ ሲሄድ ኮፒውን ይጠይቃት። የማያቋርጥ እጥበት 12 ወር ከቆየ ወይም ይቆያል ተብሎ ከተገመተ ራሱን ችሎ በሶሻል ሴኪውሪቲ የበሽታዎች ዝርዝር ቁጥር 6.03 ያስገባዋል፤ ሌላ ሥራ መሥራት ይችላል ወይ የሚለው ክርክር ይቀራል። በዚያ ላይ የሀብቱ ጥያቄ እንደተፈታ ይህን ፎርም ይዞ በኤስኤስአይ ጊዜያዊ ክፍያ መጠየቅ ይችላል። ዋናው ውሳኔ እስኪመጣ እስከ 6 ወር ይከፈላል፤ በኋላ በሕክምና ምክንያት ቢከለከል እንኳ አይመለስም። ካልጠየቃችሁ ማንም አያነሳላችሁም።

ሁለተኛ፣ ለኩላሊት ሕመምተኛ ሜዲኬር (የፌዴራል መንግሥት የጤና መድን) የራሱ መቁጠሪያ አለው። እንደ ኤስኤስዲአይ 20 ክሬዲት አይፈልግም፤ ባለፉት 13 ሩብ ዓመታት 6 ክሬዲት ይበቃል። ያ የ2022ና 2023 እርማት ይህንንም በር ይከፍታል። በማዕከል ለሚታጠብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከእጥበቱ አራተኛ ወር ጀምሮ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ኤስኤስአይ ሲፈቀድ ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጥ የጤና መድን) ብቻውን አይመጣም፣ ለየብቻ ማመልከት ነው።

ፎርም ሞይ፦
ስለ ጠበቃ፦ ለክሬዲትና ለዕቁብ ጠበቃ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ታክስ ሠሪና ደብተር ነው። ወደ ዳኛ ከደረሰ ያዙ። ክፍያው ካሸነፈ ብቻ ነው፣ ከውዝፉ 25 በመቶ፣ በ2025 ከ9,200 ዶላር ሳይበልጥ።

አንድ ቤት ስለምትኖሩም፣ የቤት ኪራዩንና የመብራት ውኃውን ድርሻ ካልከፈለ ኤስኤስአይው እስከ አንድ ሦስተኛ ገደማ ሊቀነስ ይችላል። ወጪው 2,100 ከሆነ ለአራት 525 ነው። አሁን ገንዘብ ስለሌለው «ሲፈቀድልኝ እከፍላለሁ» የሚል የብድር ውል ከዛሬ ጀምሮ ቀን ጽፋችሁ ተፈራረሙ። የምትመግቢው ምግብ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ወዲህ በገቢነት አይቆጠርም።

ሀና ከአሌክሳንድሪያ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሰኞ ፎርሙን እንጠይቃለን፣ ማክሰኞ ታክስ ሠሪ ጋር እንሄዳለን። አንድ ብቻ፦ ከተፈቀደለት በኋላ አዲስ አበባ ለእህታችን ሠርግ አምስት ሳምንት መሄድ ይችላል?

ፎርም ሞይ፦
ኤስኤስአይ ላይ ከሆነ አይሆንም፣ አምስት ሳምንት 35 ቀን ነው። በተከታታይ 30 ቀን ከአገር ከወጣ ይቋረጣል፤ ሲመለስ ደግሞ 30 ቀን እዚህ ሳይቆይ አይቀጥልም። ሦስት ሳምንት አድርጉት። ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ለቢሮው አሳውቁ፤ እዚያ የሚታጠብበትን ቦታም ሶሻል ወርከሯ አስቀድማ ታስይዝለት።