ኦንላይን ሱቅ ለመክፈት የግድ ዌብሳይት ያስፈልጋል እንዴ?

ቧንቧ ውሃ:
ሰላም ናችሁ ወሎዬዎች። ቤቴ ደሴ ነው፣ የምሰራው ግን ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። የሰፈራችን ሸማኔዎች የሚሰሩትን ጋቢና ነጠላ ኦንላይን ልሸጥ አስቤ አንድ ልጅ ዌብሳይት በ60 ሺህ ልስራልሽ አለኝ፣ ወንድሜ ደሞ ጋቢውን ተይውና ድሮፕሺፒንግ ጀምሪ (እቃውን ሳትይዢ ኦንላይን ሸጠሽ አቅራቢው በቀጥታ ለገዢው የሚልክበት ማለት ነው) ካፒታል አይፈልግም ይለኛል። ሰው ሁሉ ኦንላይን ከሆነ ኪራይ የለም ግብር የለም ተኝተሽ ትሸጫለሽ ነው የሚለው። እውነት ነው? ስራዬንስ ልልቀቅ?

የጦሳ ልጅ:
አብሽሪ እህቴ፣ ስልሳ ሺህሽን አትንኪው። ዌብሳይት ስለተከፈተ ገዢ አይመጣም፣ እዚህ ሀገር ሰው ልብስ የሚያየው ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ነው እነሱን ለመክፈት ደሞ አምስት ሳንቲም አይጠየቅም። ያን ብር ጋቢ ግዢበት። ትልቁ ስራ ፎቶው ነው፣ በቀን ብርሃን ደጅ አውጥተሽ አንሺው፣ ጥለቱን ቀረብ አድርገሽ አሳዪ፣ ርዝመትና ወርዱን በሜትር ጻፊ። ጋቢ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ፈትሉ የእጅ ነው ወይስ የማሽን ብሎ ነው፣ ድሩ የፋብሪካ ክር ሆኖ ማጉ የእጅ ፈትል ከሆነ እንደዛው ብለሽ ጻፊ፣ ሁሉም የእጅ ነው ብለሽ ሸጠሽ ሲታጠብ ከታወቀብሽ ያ ሰው ተመልሶ አይመጣም፣ ለዘመዱም ይናገራል። እና እባክሽ "ዋጋ በኢንቦክስ" አትበይ፣ እኔ ራሴ ያን ሳይ ነው ትቼ የማልፈው።

ኮምቦልቻ 03:
ስለ ድሮፕሺፒንግ ወንድምሽን እንዲህ በዪው። ኦንላይን ሱቁ የሚከፈትበት ሾፒፋይ በየወሩ የሚከፈለው በዶላር ነው፣ የፌስቡክ ማስታወቂያውም ያው ዶላር። ከውጭ ገዢ ካርድ ብር የሚሰበስበው ስትራይፕ ደሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ነጋዴ አካውንት አይከፍትም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዶላር ወጪ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ካፒታል አይፈልግም የሚሉት እቃ ስለማትገዢ ብቻ ነው፣ ማስታወቂያውን ማን ይከፍላል? እቃው ከቻይና ሲዘገይ ወይ ሌላ ሳይዝ ሲመጣ የሚሰደበውም አይተሽው የማታውቂውን እቃ የሸጥሽው አንቺ ነሽ። ጋቢውን ግን በእጅሽ ዳሰሽ ነው የምትሸጪው፣ በጣም ይለያያል።

ፒያሳ ሱቅ:
ተኝተሽ ትሸጫለሽ ያለሽ ሰው ሸጦ አያውቅም። ደንበኛ ማታ ሶስት ሰዓት ይጽፍልሻል፣ እስከ ጠዋት ካልመለስሽ ከሌላ ይገዛል። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በሚኒባስ ትልኪያለሽ፣ የአዲስ አበባው በአውቶቡስ ነው፣ የመላኪያውን ማን እንደሚከፍል ዋጋው ስር ቀድመሽ ጻፊው ጭቅጭቁ ሁሉ እዛ ላይ ነው። ክፍያ በቴሌብር ሲሆን ደሞ ስክሪንሾት አትመኚ በጭራሽ!! የውሸት ስክሪንሾት በአፕ ይሰራል። የራስሽን ሂሳብ ከፍተሽ ብሩ መግባቱን ሳታዪ እቃ ከእጅሽ አይውጣ፣ ሹፌሩ ሊነሳ ነው ቶሎ በይ እያለ የሚያጣድፍ ካለ በተለይ።

ግብር የለም የሚሉሽንም አትስሚ። ንግድ ንግድ ነው፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እኮ ከወጣ ቆየ። ቲን ነምበርና ንግድ ፈቃድ አውጪ።

ቧንቧ ውሃ:
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ አላህ ይጨምርላችሁ። ዌብሳይቱን ትቼዋለሁ። ስራውንስ ልልቀቅ ወይ?

የጦሳ ልጅ:
አሁን አትልቀቂ እቴ። ደሞዝሽ እያለ ነው ተረጋግተሽ የምትሞክሪው፣ ካልተሸጠ እንኳ የቤት ኪራዩ አያስጨንቅሽም። ትንሽ ጋቢ ይዘሽ መጀመሪያ ለፓርኩ ልጆች አሳዪ፣ ብዙዎቹ ለበዓል ለእናታቸው ይዘው መሄድ ይፈልጋሉ። ሰርግ በጥር ስለሚበዛ ከህዳር ጀምረሽ ከሸማኔዎቹ ጋር ተነጋገሪ፣ ጥር ሲደርስ ትዕዛዝ ይበዛባቸውና አያደርሱልሽም።

ኮምቦልቻ 03:
ቻናሉን ስትከፍቺ ሊንኩን እዚህ ጣይልን፣ ለአባቴ ጋቢ እፈልጋለሁ ጥለቱ ቀጠን ያለ።