«አባትሽ ሲሞቱ»፦ በግጥም ውስጥ ያልተገለጸ ዝምድና አንድ መልስ ብቻ ሊኖረው ይገባልን?

ጥያቄ አቅራቢው፣ ከከዚራ፦

በከተማችን በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ለአማርኛ ፈተና የቀረበ፣ ገጣሚው ያልተጠቀሰ አጭር ግጥም በወላጆችና በተማሪዎች መካከል ክርክር ስላስነሣ ለዚህ የአንባብያን ቡድን ማቅረብ ወደድሁ። ግጥሙ ይህ ነው፦

የናቴ ልጅ ብዬ ደጅሽን ባንኳኳ፣
ማነህ ትይኛለሽ ሳታውቂኝ ነው ለካ።
አንድ ማጀት በልተን በአንድ ጀንዲ አድረን፣
አባትሽ ሲሞቱ ባዳ ሆነን ቀረን።

ጥያቄው «ተናጋሪው የሚያነጋግራት ሴት ምኑ ናት?» የሚል ሲሆን፣ ምርጫዎቹ እኅቱ፣ ፍቅረኛው፣ የአክስቱ ልጅ እና ጎረቤቱ ነበሩ። ነጥብ የተሰጠው «እኅቱ» ላሉት ብቻ ነው። እኔ ይህን እቃወማለሁ። በመጀመሪያው ስንኝ «የናቴ ልጅ» ያላትን ሴት፣ በመጨረሻው ስንኝ «አባታችን» ማለት እየቻለ «አባትሽ» የሚል ሰው፣ ዝምድናውን በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው ወስዶታል። ግጥሙ ያልዘጋውን በር ፈተናው ሊዘጋው አይገባም።

የአማርኛ መምህርት፣ ከሳቢያን፦

ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ነገር ግን እከላከለዋለሁ። ተማሪ በመጀመሪያ መማር ያለበት የተጻፈውን ማንበብ ነው። «የናቴ ልጅ» ተብሎ ተጽፏል፤ አብረው መብላታቸውና አብረው ማደራቸውም ይህንኑ ያጸናል። «ፍቅረኛው» የሚሉት ልጆች አብዛኞቹ ከግጥሙ ተነሥተው ሳይሆን፣ ግጥም ሁሉ የፍቅር ነው ከሚል ልማድ ተነሥተው ነው። በክፍሌ በየዓመቱ የማየው ይህን ነው። ሁሉም ንባብ እኩል ትክክል ነው ካልናቸው ስንኙን ተመልሰው የሚያዩበት ምክንያት አይኖራቸውም። በዚያ ላይ የአንድ ክፍል ተማሪ ብዛት ለሁሉም የድርሰት መልስ እንድናርም አይፈቅድልንም።

የቀድሞ የቅኔ ቤት ተማሪ፣ ከሐረር፦

እኅቴ መምህርት ስለ ልማድ የተናገሩትን እቀበላለሁ፤ ሆኖም የዝምድና ስም ሁልጊዜ ዝምድናን ያሳያል የሚለውን መነሻ መቀበል ይከብደኛል። በመኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ምዕራፍ 4 ወንዱ የሚወዳትን ሴት «እኅቴ ሙሽራ» እያለ ይጠራታል። በምዕራፍ 8 መጀመሪያ ደግሞ ሴቲቱ የምትወደው ሰው የእናቷን ጡት እንደ ጠባ ወንድም ቢሆንላት ትመኛለች፤ ምክንያቱም ወንድሟ ቢሆን ኖሮ ደጅ አግኝታ ብትስመው ማንም አይንቃትም ነበር። እዚያ ላይ የወንድምነት ስም ፍቅርን በአደባባይ የሚያሳልፍ መከለያ ሆኖ ነው የገባው። በእኛም ቤት እናት ልጇን «እናቴ» ትላታለች፤ ባል ሚስቱን «እኅቴ» ሲል ማንም አይደነግጥም።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። አንዳንዶች እንዲህ ያለውን ግጥም ሰምና ወርቅ ይሉታል። በሰምና ወርቅ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይቀራል፤ ባለ ቅኔው የደበቀው አንድ ነገር አለ፣ አድማጩም አግኝቶት ይረካል። እዚህ ግን እኅትነትም ሆነ ፍቅር አንዱ ለሌላው ሰም አይደለም። ሁለቱም ቆመው ይቀራሉ፤ ስለዚህ «ወርቁ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ለሌላ ዓይነት ግጥም የተሠራ ጥያቄ ነው።

የሕግ ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ፦

እስካሁን ማንም ያልነካውን ሦስተኛ ንባብ ላቅርብ። ሁለቱ በእናት ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እኅት ናቸው እንበል፤ የሞቱት ሰው የእርሷ አባት፣ የእርሱ ግን የእንጀራ አባት ናቸው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ኑዛዜ ለሚደረግ ውርስ በመጀመሪያ ደረጃ የሚጠሩት የሟች ልጆች ናቸው፤ የእንጀራ ልጅ በኑዛዜ ካልተሰጠው በቀር ከዚህ አይቆጠርም። ስለዚህ በአንድ ማጀት የበላ ልጅ፣ በአንድ ጀንዲ ያደረ ልጅ፣ አባወራው በሞቱ ማግሥት ከቤቱ ንብረት አንጻር ባዳ ሆኖ ይገኛል። በችሎት ደጃፍ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ለእኔ የግጥሙ ኀዘን «ሲሞቱ» በምትለው ጊዜ ላይ ያረፈ ነው፦ ባዳነቱ የመጣው በጠብ ወይም በርቀት ሳይሆን በአንድ ሰው ሞት ነው። የፍቅረኞች ንባብ ይህን ሊያስረዳ አይችልም፤ የሴት አባት ሲሞት ፍቅር የሚፈርስበት ምክንያት በስንኞቹ ውስጥ የለም።

ከጀጎል፦

የሕግ ባለሙያው ያሉት ትክክል ሆኖ፣ ለእኛ ሰፈር አንባቢ ከዚያ ቀድሞ የሚመጣ ሌላ ዝምድና አለ፤ የጡት ዝምድና። በእስልምና ሥርዓት በሕፃንነቱ ከአንዲት ሴት ጡት በሚገባ የጠባ ልጅ ከልጆቿ ጋር ወንድምና እኅት ይሆናል፤ ሊጋቡ አይችሉም፣ ነገር ግን አይወራረሱም። እንግዲህ «የናቴ ልጅ» ማለቱ እውነት፣ «ባዳ ሆነን ቀረን» ማለቱም እውነት የሚሆንበት ዝምድና ይህ ነው። አያቶቻችን እንዲህ ያሉ ልጆችን በቤታቸው አሳድገዋል፤ ይህን ግጥም አንብቤ ያሰብኩት እነርሱን ነው። በፈተናው አራት ምርጫዎች ውስጥ ግን የሕግ ባለሙያው የእንጀራ ልጅም ሆነ የእኔ የጡት ልጅ ስፍራ የላቸውም። ልጄ ይህን አስቦ ቢሆን ኖሮ የትኛውን ያክብብ ነበር?

ወጣት አንባቢ፣ ከድሬዳዋ፦

ገጣሚው ቢታወቅ ክርክሩ ሁሉ ያበቃ ነበር። የእንጀራ አባት የነበረው ሰው መሆን አለመሆኑን አጣርተን እንዘጋው ነበር።

በሐረር ራምቦ ቤት የሚያነብ፦

ወንድሜ፣ አያበቃም። በከተማችን ስሙ የቀረውን የፈረንሳዩን ገጣሚ የአርተር ራምቦን ነገር እንውሰድ፤ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ሲሆን፣ ግጥሞቹን የጻፈው ከዚያ በፊት ነው። በ1870 መባቻ፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ፣ እናታቸው ስለሞተችባቸውና አባታቸው በሩቅ ስላለ ሁለት ሕፃናት የሚናገር ግጥም አሳተመ። ወታደር የነበረው አባቱ በ1860 ገደማ ቤተሰቡን ትቶ ስለሄደ የሩቁ አባት ከሕይወቱ ጋር ይገጥማል። እናቱ ግን በሕይወት ነበረች፤ እስከ 1907 ድረስ ኖራ እርሱን ራሱን ቀብራዋለች። ታዲያ ግማሹ የገጠመው ግማሹ ያልገጠመው የሕይወት ታሪክ ስለ ሟቿ እናት ምን ይነግረናል? ልጁ እናቱን በልቡ ሞተች ብሏት ነበር ብሎ መደምደም ይቻላል፤ ይህ ግን ከግጥሙ የተገኘ ሳይሆን አንባቢው የጨመረው ነው።

«ሜሟር» በተባለው ሌላ ግጥሙ ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴት በሜዳ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ «እርሱ» ከተራራው ማዶ ይሄዳል፣ እርሷም ከኋላው ትሮጣለች። አንዳንድ ተንታኞች የተለዩትን እናትና አባት ያዩበታል፤ ሌሎች የምትጠልቅ ፀሐይንና ወንዝን ያዩበታል። ስለ ገጣሚው ቤተሰብ ይህን ያህል እየታወቀ ክርክሩ አልቆመም። የቤተሰብ ታሪክ የሚቻለውን ንባብ ሊያሳየን ይችላል፤ የሌላውን ንባብ አፍ ሊዘጋ ግን ሥልጣን የለውም።

የአማርኛ መምህርት፣ ከሳቢያን፦

የሕግ ባለሙያውና ከጀጎል የጻፉት ሁለቱም ከስንኙ ተነሥተው ስንኙን ስላስረዱ ደስ ብሎኛል፤ እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው። የምርጫ ጥያቄን መተው ግን አልችልም። ይልቁንስ ጥያቄው ይገልበጥ፦ «ከሚከተሉት ዝምድናዎች ግጥሙ የማይቀበለው የትኛው ነው?» መልሱ «በእናትም በአባትም የሚገናኙ ወንድምና እኅት» ይሆናል፤ ምክንያቱም «አባትሽ» ተብሏል። ተማሪው የፈለገውን እንዲል ሳይፈቀድለት፣ ግጥሙም ሳይዘጋ ይታረማል።

ወጣት አንባቢ፣ ከድሬዳዋ፦

በአንድ አባት የተወለደ ሰውም ሲቆጣ እኅቱን «አባትሽ» ይላታል። በደጅ ቆሞ «ማነህ?» የተባለ ሰው አባቱን ለእርሷ ትቶላት ቢናገር ምን ያስገርማል? ግጥሙ ይህንንም ይቀበላል።

ጥያቄ አቅራቢው፣ ከከዚራ፦

ይህ ጠንካራ ተቃውሞ ነው፤ መልሱ ግን በዚያው ስንኝ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። አባቱን በቁጣ የካደ ሰው «አባትሽ ሲሞት» ቢል ይጠበቅ ነበር። እርሱ ግን «ሲሞቱ» ብሎ ሟቹን አንቱ ብሏቸዋል። በቁጣው መካከል እንኳ ያላነሣባቸው አክብሮት፣ ላሳደጉት እንጂ ለካዳቸው አባት የሚሰጥ አይመስልም። ስለዚህ የመምህርቷን የተገለበጠ ጥያቄ እደግፋለሁ፤ ልጁ «ሲሞቱ»ን ጠቅሶ እንዲያስረዳ አንድ መስመር ባዶ ቦታ ከምርጫዎቹ ሥር ቢተውለት ግን እወዳለሁ፤ የአንድ መስመር መልስ ለማረም ደግሞ ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም።