«እሱ ከጠጣ ሁሉም ይጠጣል» የሚባልለት ሰው የግድ አለ?

የአራት ኪሎው ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ፒያሳ ቁጭ ብለን ጓደኛዬ ወረቀት ላይ እንዲህ ጻፈልኝ፦ «እዚህ ቤት ውስጥ፣ እሱ ማኪያቶ ከጠጣ ሁሉም ማኪያቶ ይጠጣል የሚባልለት ሰው አለ።» በየትኛውም ቤት እውነት ነው፣ ቫሊድ ነው አለኝ። ዞር ብዬ አየሁ። ግማሹ ሻይ ይዟል። ታዲያ ሰውዬው ማን ነው? በትሩዝ ቴብል (እውነትና ሐሰት በሚደረደርበት ሰንጠረዥ) ልፈትሸው ብል «ሁሉም» እና «አለ» አልገባ አሉኝ።

ሎጂክ አስተማሪ፦
ጓደኛህ ልክ ነው። ሻይ ከያዙት አንዱን ጥራ፣ እሱ ነው።

ያለው ሁለት ዕድል ነው። ወይ ሁሉም ማኪያቶ ይጠጣል፣ ወይ ቢያንስ አንድ የማይጠጣ አለ። ሁሉም የሚጠጣ ከሆነ ማንንም ብትጠራ ይሆናል። የማይጠጣ ካለ ደግሞ እሱኑ ጥራ። «ከጠጣ» የሚለው እሱ ላይ ሐሰት ስለሆነ፣ «ከጠጣ ሁሉም ይጠጣል» የሚለው በሙሉ እውነት ይሆናል። ሎጂክ ውስጥ «ከ» ምክንያትና ውጤትን አያሳይም፤ ሐሰት የሚሆነው «ከ» ያለበት ክፍል እውነት ሆኖ ቀጣዩ ሐሰት ሲሆን ብቻ ነው። ቤቱን ወደ ሜክሲኮ አዙረው፣ ማኪያቶውን በስፕሪስ ለውጠው፤ አይፈርስም። ቫሊድ የሚባለው ለዚህ ነው።

ያስቸገረህ ግን ቅንፉ፣ ማለትም «አለ» እስከየት ድረስ እንደሚገዛ፣ ይመስለኛል። ጆሮህ የሰማው «ቢያንስ አንድ ሰው ከጠጣ፣ ሁሉም ይጠጣል» የሚለውን ነው። ይሄኛው ቫሊድ አይደለም። ለማፍረስ ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ማኪያቶ፣ አንዱ ሻይ። በጓደኛህ ዐረፍተ ነገር «አለ» ሙሉውን ይገዛል። በዚህኛው ግን ቅንፉ «ከጠጣ» ላይ ይዘጋል። እባክህ ኳንቲፋየር («ሁሉም»፣ «አለ» ዓይነት ቃል) ስታይ መጀመሪያ ቅንፉ የት እንደሚዘጋ ፈልግ። ተማሪዎቼን ሁሌ የምለምናቸው ይሄንን ነው።

የስድስት ኪሎዋ፦
አንድ ልጨምር። ቤቱ ባዶ ከሆነ የሚጠራ ሰው የለም፣ ዐረፍተ ነገሩም ይወድቃል። በተለመደው ሎጂክ ግን ዶሜን (የምናወራላቸው ነገሮች ስብስብ) ባዶ አይሆንም። ኢንቱዊሽኒስቶችም (አለ የተባለውን ነገር ማሳየት ያስፈልጋል የሚሉ የሎጂክ ሰዎች) «ወይ ሁሉም፣ ወይ የማይጠጣ አለ» የሚለውን መነሻ እንዲሁ አይቀበሉም። ሰውዬውን ሳያሳዩ «አለ» ማለት አይዋጥላቸውም።

የአራት ኪሎው ተማሪ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ፣ አንቺም እህቴ። ታዲያ ቫሊድ መሆን አለመሆኑን የሚለይ፣ ለማንኛውም ፎርሙላ የሚሠራ መፈተሻ አለ?

ሎጂክ አስተማሪ፦
የለም። የሎጂክ ሊቁ ኩርት ጎደል እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው ሥራ ቫሊድ የሆነ ሁሉ ማረጋገጫ እንዳለው አሳይቷል። ስለዚህ ቫሊድ ከሆነ በፍለጋ ይገኛል። ካልሆነ ግን ፍለጋው ላያልቅ ይችላል። ለሁሉም የሚሠራ መወሰኛ ስልት እንደሌለ የሒሳብ ሊቃውንቱ ቸርችና ቱሪንግ በ1936 ለየብቻ አረጋገጡ። ያንተ ግን «ይጠጣል» የሚል አንድ ፕሬዲኬት (ስለ አንድ ሰው የሚነገር ባሕርይ) ብቻ ስላለው ቀላል ነው። ሁሉም የሚጠጣበት፣ ማንም የማይጠጣበት፣ የተቀላቀለበት ቤት። ሦስቱን ፈትሽ፣ ይበቃሃል።