የፈረቃ ሠራተኛ የክብደት ልምምዱን በሳምንት እንዴት ይከፋፍል?

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምሠራው ኮምቦልቻ በሚገኝ ፋብሪካ ሲሆን፣ ፈረቃችን በየሳምንቱ ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ሌሊት ይዞራል። ጂም ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ዓላማዬ ጡንቻ መጨመርና ጉልበት ማዳበር ነው እንጂ ለውድድር አልዘጋጅም። በጂማችን አብዛኛው ልጅ የሚከተለው ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ጀርባ፣ ረቡዕ ትከሻ፣ ሐሙስ እግር፣ ዓርብ ክንድ የሚለውን የአምስት ቀን ክፍፍል ነው። እኔ ግን በሌሊት ፈረቃ ሳምንት ከሦስት ቀን በላይ መገኘት አልችልም፤ በጠዋቱ ፈረቃ አራት ቀን ይመቸኛል፤ እሑድ ቤተሰብ ለመጠየቅ ደሴ ስወጣም እዚያው መሥራት እችላለሁ። መላ ሰውነትን በአንድ ቀን መሥራት ይሻለኛል፣ የላይኛውንና የታችኛውን አካል መለየት፣ ወይስ ፑሽ፣ ፑል፣ ሌግ የሚባለውን (የመግፋት፣ የመሳብና የእግር ልምምዶችን በየራሳቸው ቀን የሚለየውን) አሠራር መያዝ? ልምድ ያላችሁ እንድትመክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ 1፦ ከደሴ፣ አሰልጣኝ

ወንድሜ፣ ጊዜህን አስቀድመህ መቁጠርህ ተገቢ ነው፤ ክፍፍል የሚመረጠው በሥራ በተጨናነቀው ሳምንት በእርግጠኝነት ልትገኝ በምትችልባቸው ቀናት ብዛት ነውና። የአንተ ቁጥር ሦስት ነው። በአምስት ቀኑ ክፍፍል እያንዳንዱ ጡንቻ ተራው የሚደርሰው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ በመሆኑ፣ ሐሙስ ፈረቃ ቢይዝህ እግርህ ሁለት ሳምንት ያህል ሳይሠራ ይቆያል። መላ ሰውነትን በሦስት ቀን ብትሠራ ግን አንዱ ቀን ቢያመልጥህ እንኳ እያንዳንዱ ጡንቻ በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ተሠርቷል። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያም ለጀማሪ የሚመከረው በሳምንት ከ2 እስከ 3 ቀን ነው።

ሁለት ልምምዶችን አዘጋጅና «ሀ» እና «ለ» በላቸው። በ«ሀ» ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት)፣ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተጋድሞ ክብደት ወደ ላይ መግፋት) እና ሮው (ጎንበስ ብሎ ክብደት ወደ ሆድ መሳብ)፤ በ«ለ» ዴድሊፍት (ክብደት ከመሬት ማንሳት)፣ የትከሻ ፕሬስ (ክብደት ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት) እና ፑል አፕ (ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) ይሁኑ፤ ፑል አፕ ከከበደህ በገመዱ ማሽን ወደ ታች ሳብ። እያንዳንዱን 3 ዙር፣ በየዙሩ ከ6 እስከ 10 ድግግሞሽ ሥራ። በሁሉም ዙር 10 ሲሞላልህ በሚቀጥለው ትንሽ ክብደት ጨምር። ዋናው ነገር ልምምዱን ከቀን ስም ጋር አለማያያዝህ ነው፦ ባለፈው «ሀ» ከሠራህ፣ ቀኑ ማክሰኞም ይሁን ቅዳሜ፣ ቀጥሎ የምትሠራው «ለ»ን ነው። በመካከላቸው ቢያንስ አንድ የዕረፍት ቀን ይኑር። ደሴ ስትወጣ ደግሞ ከተማችን ከኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል፣ ትንፋሽ ካጠረህ በዙሮች መካከል 3 ደቂቃ ያህል ለማረፍ አትሳሳ።

መልስ 2፦ ከኮምቦልቻ

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ነገር ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ መሥራት በራሱ የተለየ ኃይል እንዳለው ተደርጎ እንዳይወሰድ እፈልጋለሁ። የሳምንቱ ጠቅላላ የዙር ብዛት እኩል ከሆነ፣ ዙሮቹን በሁለት ወይም በሦስት ቀን ማከፋፈል በጡንቻ ዕድገት ላይ የሚያመጣው ልዩነት ትንሽ እንደሆነ ጥናቶች አሳይተዋል። የማከፋፈል ጥቅሙ ብዙ ዙር በአንድ ቀን ሲከመር የሚመጣውን ድካም ማስቀረቱ ነው። ፑሽ፣ ፑል፣ ሌግ ጥሩ አሠራር ነው፤ የሚያምረው ግን ስድስት ቀን ለሚገኝ ሰው ነው፤ በሦስት ቀን ሲሠራ ጡንቻውን እንደገና በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ መንካት ይመልሰዋል። አራት ቀን በሚመችዎት ሳምንት ሁለት ቀን የላይኛውን፣ ሁለት ቀን የታችኛውን አካል መሥራት ይችላሉ፤ እኔ ግን አንድ ዓመት እስኪሞላዎት ድረስ በአንዱ ዕቅድ ቢጸኑ እመርጣለሁ፤ ዕቅዱ በየሳምንቱ ሲለዋወጥ ክብደት መጨመር አለመጨመርዎን መለየት ይቸግራልና።

መልስ 3፦ ከደሴ፣ ነርስ

እኔም የሌሊት ተረኛ ስለሆንኩ ስለ እንቅልፍ አንድ ነገር ልጨምር። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ በቀጥታ ጂም መግባትን አልመክርም፤ ከባድ ዴድሊፍት ንቁ አእምሮ ይጠይቃል። ቤትዎ ገብተው ይተኙ፤ ከሰዓት ተነሥተው ምግብ ይብሉና ወደ ሥራ ከመሄድዎ በፊት ይሥሩ። ለመተኛት ጊዜ ያላገኙ ዕለት ልምምዱን ወደ ማግሥቱ ማሸጋገር ይሻላል።

እኛ አገር ጾምም የዕቅዱ አካል ሆኖ መታሰብ አለበት። በረመዳን ክብደቱን ብዙ ሳይቀንሱ የዙሩን ብዛት እስከ ግማሽ መቀነስና ከኢፍጣር በኋላ መሥራት ያገኙትን ጉልበት ለመጠበቅ ይረዳል። በሁዳዴ የሚጾም ሰው ደግሞ ፕሮቲኑን ከምስር፣ ከሽሮ፣ ከባቄላና ከሽምብራ አብዝቶ ማግኘት ይኖርበታል፤ ጡንቻ ለሚገነባ ሰው በብዛት የሚጠቀሰው መጠን በኪሎ 1.6 ግራም ያህል ስለሆነ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 96 ግራም ገደማ ያስፈልገዋል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በ«ሀ» እና «ለ» እጀምራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ የስኳት ማቆሚያው ወረፋ ይበዛበታል። ጊዜዬ አጭር በሆነ ቀን ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ ከደሴ፣ አሰልጣኝ

በሮው ጀምርና ማቆሚያው ሲለቀቅ ወደ ስኳት ተመለስ፤ የ«ሀ» ቅደም ተከተል ቢለዋወጥ የሚጎዳህ ነገር የለም። ጨርሶ ካልተለቀቀ አንድ ከባድ ዳምቤል (አጭር የእጅ ክብደት) በሁለት እጅህ ደረትህ ላይ ይዘህ ስኳት ሥራ፤ ክብደቱ ከባርቤሉ (ከረጅሙ የክብደት ብረት) ስለሚያንስ ድግግሞሹን ወደ 12 ወይም 15 ከፍ አድርገው። በደብተርህ ላይ ግን ለብቻው መዝግበው፤ ከባርቤሉ ቁጥር ጋር እንዳይደባለቅብህ።