እናቴ ስኳር ትታ በሶ አበዛች፤ ካርቦሃይድሬት ያለው የትኛው ምግብ ውስጥ ነው?

የመሐል ሜዳ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። እማዬ ግን አገር ቤት ናት፣ መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ። ዕድሜዋ ስድሳን አልፏል። ሌሊት ሽንት እያመላለሳት፣ ውሃ ውሃ እያላት፣ እግሯንም እያቃጠላት ስትቸገር አምጥቼ አስመረመርኳት። ስኳር ነው ተባለ። በባዶ ሆድ ተለክታ ከ200 በላይ ነው የወጣው። ኪኒን ታዘዘላት። ሲያሰናብቱን «ካርቦሃይድሬት ይቀንሱ» አሏት። ምኑን፣ እንዴት፣ የለም። ወረፋው ደጅ ድረስ ነበር፣ አልፈርድባቸውም።

እማዬ ነገሩን በራሷ ፈታችው። ስኳር የሚባል ከቤት አስወጣች። ቡናዋን በጨው ነው የምትጠጣው። ሻይ ተወች። የልጅ ልጆቿ ከረሜላ ይዘው ሲገቡ እንኳ ትቆጣለች። ግን ጠዋት በሶ ትበጠብጣለች፣ ያውም በትልቁ ጣሳ። ምሳ የገብስ እንጀራ በሽሮ። ቡና ሲፈላ ቆሎ። ማታ ድንች ወጥ በእንጀራ። «ገብስ የእህል ንጉሥ ነው፣ ማንን ገድሎ ያውቃል?» ትላለች። ባለፈው ስናስለካት ስኳሩ ፈቀቅ አላለም።

እኔም ብሆን «ካርቦሃይድሬት ኃይል ሰጪ ምግብ ነው» ተብሎ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈልን ውጭ የማውቀው የለም። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ድንች ውስጥ አለ? ወተትስ? ሥጋስ? ገብሱን ተይው ስላት ደግሞ «ታዲያ ድንጋይ ልቆርጥም?» ነው መልሷ። እውነቷን ነው፣ እዚያ አገር ሌላ ምን አለ?

የጣርማበር ጉም

ወንድሜ አትጨነቅ። የምንጃር ጤፍ ግዛላት። ጤፍ ስኳር የለውም፣ ቀዩ በተለይ። ማርም ንጹሕ ከሆነ ችግር የለውም፣ ተፈጥሮ ነው።

ሲስተር ከደነባ

የጣርማበሩ ወንድሜ፣ አትቀየመኝና ሁለቱም ልክ አይደለም። ጤፍ ከመቶ ግራሙ ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ነው። ገብስም፣ ስንዴም እዚያው አካባቢ ናቸው። ማር ደግሞ ከመቶው 80 ያህሉ ስኳር ነው። ንብ ሠራችው እንጂ ደም ውስጥ ሲገባ ያው ስኳር ነው።

አሁን ወደ ጠያቂው። እኔ ነርስ ነኝ፣ ያደግኩትም ገብስ ሲወቀጥ እየሰማሁ ነው። እናትህ ያሰበችው ብዙ ሰው የሚያስበውን ነው፤ የሚጣፍጠው ብቻ ስኳር ይመስለናል። ካርቦሃይድሬት ግን ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ስኳሩ ራሱ ነው፤ ሻይ ውስጥ የሚገባው፣ የማሩ፣ የፍራፍሬው፣ የወተቱ። ሁለተኛው ስታርች ነው፤ የእህሉና የድንቹ። ስታርች ማለት የስኳር ፍሬዎች እንደ መቁጠሪያ በረጅሙ ተሰክተው ማለት ነው። እንደዚያ ተሰክቶ ሳለ ምላስ ላይ አይጣፍጥም። ሆድ ሲገባ ግን ይበጠሳል፣ ፍሬ ፍሬው ወደ ደም ይገባል። ሦስተኛው አሠር ነው፤ ገለባው፣ የጎመኑ ጭረት። እሱ ተፈጭቶ ስኳር አይሆንም፣ እንዲያውም የሌላውን ያዘገየዋል።

ይህን ለእናትህ በካርቦሃይድሬት ስም አትንገራት። ጠላ ትጠምቃለች? ብቅሉን ቀምሳ ታውቃለች። ደረቅ ገብስ አይጣፍጥም። ውሃ ጠጥቶ፣ ጎንቁሎ፣ ሲደርቅ ግን ጣፋጭ ነው። ስኳሩ ከየት መጣ? ማንም አልጨመረበትም። የገብሱ ስታርች ነው የተበጠሰው። ጥንስሱ ላይ ደግሞ እርሾው ያንን ስኳር በልቶ አልኮል ያደርገዋል። «እማዬ፣ ብቅል ላይ የሚሆነው ሆድሽ ውስጥም ይሆናል» በላት። እዚህ ጤና ጣቢያ እናቶችን የማስረዳው በዚህ ነው፤ ወዲያው ነው የሚገባቸው። አንዷ እንዲያውም «ታዲያ ሆዴ ውስጥ ጠላ እየጠመቅኩ ነው በይኛ!» ብላ ክፍሉን በሙሉ አሳቀችው።

እንግዲህ የትኛው ውስጥ አለ ላልከው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቂጣ፣ ገንፎ፣ ቅንጬ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ሁሉም ነው። ድንችም አለው። የተቀቀለው ከመቶ ግራም 20 ግራም ያህል ነው፤ ከእህል ያንሳል ምክንያቱም ብዙው ውሃ ነው። ግን ድንች ወጥን በእንጀራ መብላት ስታርች በስታርች መጠቅለል ነው። ወተት አለው፣ አንድ ብርጭቆ ወደ 12 ግራም። አይብ ትንሽ ነው ያለው። ሥጋ የለውም፤ የመንዝ በግ ቢሆን ስብ እንጂ ካርቦሃይድሬት የለበትም። እንቁላል እዚህ ግባ የሚባል የለውም። ቅቤና ዘይት ጭራሽ የላቸውም፣ ግን ቅቤ ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ ነው፤ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ቅባት 9 ይሰጣል። ስለዚህ «ስኳር የለውም» ብላ ጭኮውን በቅቤ እንዳታሸው። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም በጣም ትንሽ ነው ያላቸው።

ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ መሐል ላይ ናቸው። የተቀቀለ ምስር ከመቶ ግራም 20 ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፣ ከዚያ ውስጥ ግን 8ቱ አሠር ነው፤ 9 ግራም ያህል ፕሮቲንም አለው። ቀስ ብሎ ነው ደም ውስጥ የሚገባው። ለስኳር ሕመምተኛ ከእህል ሁሉ የምወድላት እሱን ነው።

ገብስን ደግሞ አታስጠሏት። ገብስ ከነጭ ዱቄት ይሻላል። ውሃ ሲያገኝ የሚያሙለጨልጭ አሠር አለው፣ ስኳሩን ያዘገያል። ችግሩ አበላሉ ላይ ነው። በሶ ተቆልቶ፣ ልሞ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ጥርስ አላኘከው፣ ሆድ አልደከመበት። በትልቁ ጣሳ ሲሆን ስንት እፍኝ ገብስ እንደሆነ ቁጠረው። ያንኑ ገብስ በቅንጬ ብትበላው፣ ያውም ትንሽ፣ ይሻላታል። ቆሎም በጭብጥ ይሁን እንጂ በሰፌድ አይሁን።

ትሪው ላይ የምትሠራው ይህን ነው። አንድ እንጀራ ትበላ ከነበረ ግማሽ። ወጡን እጥፍ፤ ግማሹ ጎመን ይሁን፣ ሩቡ ሽሮ ወይ ምስር ወይ እንቁላል። ወጥ በእንጀራ የምንለውን እንጀራ በወጥ አድርገነው ነው የተቸገርነው።

አንድ ነገር ግን፤ ኪኒኑ ምንድን ነው? ሳላውቅ እህሉን በአንዴ ቀንስ አልልህም።

የቀወት ገበሬ

እኛ ቆላ ነን፣ ሸዋ ሮቢት አካባቢ። አባቴ ስኳር አለበት። እኛ ጋ እንጀራው የማሽላ ነው። ማሽላ ይሻላል ብለው ነግረውት በቀን ሦስት ጊዜ ይበላው ነበር። አልወረደለትም። ከሲስተር ጋር እስማማለሁ፤ እህል በእህል መቀየር ዋጋ የለውም፣ መጠኑ ነው።

እሱን የረዳው ማሾ ነው፣ ያ ትንሹ አረንጓዴ ጥራጥሬ። እኛ ለገበያ እንጂ ለቤት አንዘራውም ነበር። አሁን እናታችን እንደ ምስር ትቀቅለዋለች፣ በሽንኩርትና በቃሪያ። ለመሐል ሜዳው ልጅ፣ ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ አታጣውም። ሙዝና ፓፓያ ግን ሞልቶናል ብሎ ነው መሰለኝ ማቆም አቃተው። ሲስተር፣ ሙዝ እንዴት ነው?

የመሐል ሜዳ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሲስተር፣ የብቅሉን ነገር ስልክ ደውዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እንዲህ ብለው ቢነግሩኝ ኖሮ» አለች። በሶውን በትንሿ ስኒ ለማድረግ ተስማምተናል። ጨርሶ መተው አልፈለገችም፣ እኔም አልገፋኋትም።

ካርቶኑ ላይ ግሊቤንክላማይድ ይላል። ሌላ ጥያቄም አለኝ። ጾመኛ ናት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም። ማኅበርም አላት፣ ጠላው አይቀርም። ምን ልበላት?

ሲስተር ከደነባ

ለቀወቱ ወንድሜ፦ አንድ መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። ግማሹን ይብላ፣ ከምግብ ጋር ቆጥሮት። ጭማቂ ግን አይሁን፤ ፓፓያውን ሲጨምቁት አሠሩን አውጥተው ስኳሩን ነው የሚያጠጡት። የለስላሳ ጠርሙስም እንደዚያው ነው።

ለመሐል ሜዳው፦ ይኼኛው ነው ያስፈራኝ። ግሊቤንክላማይድ ምግብ ተበላም አልተበላም ስኳሩን ያወርዳል። ሌላዋ የስኳር ኪኒን፣ ሜትፎርሚን፣ ብቻዋን ብትሆን ይህን ያህል አልሰጋም ነበር። ኪኒኑን ጠዋት ውጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቆየች ስኳሯ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች። ምልክቱ መንቀጥቀጥ፣ ላብ ላብ ማለት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ንግግር መሳት ነው። ያኔ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከዚያ ምግብ ማብላት። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም እንዳትሰጧት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

ስለዚህ ያስወጣችውን ስኳር መልሰህ ቤት አስገባላት። ለቡና ሳይሆን ለዚህ፣ መደርደሪያ ላይ ትቀመጥ። ጎረቤትም ይወቅ።

ጾሙን ለነፍስ አባቷ ትንገራቸው፣ ኪኒን የምትወስድ መሆኑን ጨምራ። ለታመመ ሰው ሰዓቱን የሚያሳጥሩ ብዙ ናቸው። የሰዓቱ ነገር ሳይወሰን ግን ኪኒኑንም ራሳችሁ አታቁሙ፣ የጻፈላትን ሐኪም ጠይቁ። የጾሙ ምግብ በራሱ መጥፎ አይደለም። ስልጆ፣ እልበት፣ ጎመን፣ ተልባ፣ እነዚህ ይስማሟታል። ተልባ ካርቦሃይድሬቱ አብዛኛው አሠር ነው። በስኳር ወይ በማር እንዳትበጠብጠው ብቻ።

ጠላ፦ ያልበሰለና የሚጣፍጥ ከሆነ ስኳሩ ገና አልተበላም ማለት ነው፣ ትለፈው። የበሰለውም አልኮል ስላለው ባዶ ሆድ ላይ ከዚህ ኪኒን ጋር አይሄድም። ማኅበር ላይ ቀድማ ትብላ፣ ከዚያ ለወጉ ያህል ትቅመስ። አረቄና ብርዝ ጭራሽ ይቅር።

እግሯንም አደራ። ያቃጥለኛል ካለች ስሜቱ ሊደነዝዝም ይችላል። በባዶ እግሯ አውድማ እንዳትወጣ፣ ማታ ማታ ውስጥ እግሯን እያየህ… አንተ ደብረ ብርሃን ነህ ለካ። አብሯት የሚኖር ማን አለ?