«መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ»፦ እኔን ብቻ ነው ያናደደኝ?

ዳር ወንበር፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የካቶሊክ ቆሞስ (የአጥቢያ ካህን) ስለ ንስሐና ስለ ቁምስና (አጥቢያ) ሕይወት የጻፉት ጽሑፍ ከትናንት ጀምሮ ሰው ሁሉ «አባ እውነቱን አፈረጡት» እያለ ሼር እያደረገው ነው። ላላነበበ ባጭሩ፦ ቅዳሜ ከሰዓት መናዘዣ ገብተው ተቀመጡ፣ 20 ደቂቃ ጠበቁ፣ አንድ ሰው ዝር አላለም፣ «መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ» ይላሉ። በነጋታው እሁድ የቁርባን ሰልፉ እስከ በሩ። ከዚያ «ወይ ሁላችንም ቅዱሳን ሆነናል ወይ ኃጢአት የሚባለውን ነገር ረስተነዋል፣ ቁምስናችን ነዳጅ ማደያ ሆኗል፣ ሞልቶ መሄድ ብቻ» ብለው እኛን ይሸነቁጡናል። እሺ መሸንቆጡስ ይሁን። ግን 20 ደቂቃ?? እኔ ጥርሴን ለመነቀል ከዚያ በላይ ተሰልፌ አውቃለሁ።

ታማኝ በግ፦
ከሦስት ገጽ ጽሑፍ አንድ አምፖል ይዘህ ወጣህ። የቀረውስ? ስለ ኅሊና ምርመራ ያሉት፣ ሰው ከቁርባን በኋላ ምስጋና እንኳ ሳያደርስ በጎን በር ስለሚወጣው ያሉት አልታየህም? አባ እኮ ሰው ናቸው፣ ሁለት ቅዳሴ፣ ሕመምተኛ ጥየቃ፣ ቀብር፣ ስብሰባ። ባዶ ክፍል ውስጥ እየጠበቁ ይደሩ?

ዳር ወንበር፦
ይደሩ አላልኩም። አንድ ሰዓት ብለው ከለጠፉ አንድ ሰዓት ይቀመጡ ነው ያልኩት። በ25ኛው ደቂቃ የመጣ ሰው ቢኖርስ? ጨለማ አይቶ ተመለሰ፣ ከዚያ «አልመጣም» ተብሎ ተጻፈበት።

ቀኖና በኪሴ፦
ነገሩን በሕግ እንየው። እ.ኤ.አ. የ1983ቱ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ ቀኖና 989 ምእመን ከባድ ኃጢአቱን ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲናዘዝ ያዛል፣ 916 ደግሞ ከባድ ኃጢአት እንዳለበት እያወቀ ሳይናዘዝ እንዳይቆርብ። ስለዚህ ስለ ሰልፉ የተናገሩት ልክ ነው። ግን እዚያው 986 አለ፣ ነፍሳት በአደራ የተሰጡት ካህን ምእመናን በሚመቻቸው ቀንና ሰዓት የመናዘዝ ዕድል እንዲያገኙ ማድረግ አለበት ይላል። ለሚመቻቸው። ለእሱ ለሚመቸው አይደለም።

ታማኝ በግ፦
አቤት አንተና ቁጥርህ። እ.ኤ.አ. በ1946 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ፒዮስ 12ኛ የዘመኑ ኃጢአት የኃጢአት ስሜት መጥፋቱ ነው ብለው ተናግረዋል፣ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1984 ደግመውታል። አባ ከኪሳቸው ያወጡት ወሬ አይደለም።

ዳር ወንበር፦
እህ፣ በ1946ም ጠፍቶ ከነበረ እንግዲህ እኛ ምን አጠፋን፣ አያቶቻችን ናቸው የጣሉት 😂 ወደ ኋላ ሂድ ካልክማ በ1215 የጳጳሳቱ የላተራን ጉባኤ «በዓመት አንዴ ተናዘዙ» ብሎ ሕግ ያወጣው ሰው በገዛ ፈቃዱ እየተጋፋ ስለመጣ ይመስልሃል? ያኔም መናዘዣው ባዶ ነበር ማለት ነው።

ቀኖና በኪሴ፦
ለእርማት ያህል ያኔ «መናዘዣ» የሚባል ሳጥን አልነበረም። ሳጥኑን ያስፋፋው በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሚላኖው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ካርሎ ቦሮሜዎ ነው፣ በ1614 ደግሞ የሮም የሥርዓት መጽሐፍ ገባ። የ1990ው የምሥራቃውያን ካቶሊኮች ሕግ ቦታው ቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ ያልፋል፣ ሳጥን የሚል የለበትም።

ታማኝ በግ፦
ማን ጠየቀህ ስለ ሳጥን።

ከርቀት፦
ስለ ሳጥኑ እኔ ልናገር። ዝም ብዬ ሳነብ ነበር ግን «ረስተነዋል» የምትለዋ ቃል አላሳልፍ አለችኝ። እኔ አልረሳሁም። የ19 ዓመት ልጅ ሆኜ ለመናዘዝ ተሰልፌ ገባሁ፣ ጆሯቸው ትንሽ የከበደ አባት ነበሩ። በቀዳዳዋ በኩል በሹክሹክታ ተናገርኩ። «ምን? ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» አሉኝ። ከፍ አደረግኩ። «ስንት ጊዜ?» አሉኝ፣ እሳቸው ደግሞ ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት። ስወጣ ከኋላዬ የነበሩት አራት ሰዎች ሁሉም ጫማቸውን እያዩ ነበር። አንዷ የመዘምራን ጓደኛዬ ናት። እንጨቱ ላይ የነበረው መስቀል አንድ ጥግ ላይ ቀለሙ ተልጦ እንደነበር እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል፣ እሱን ነበር ሳይ የነበረው። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት። ረስታ ነው በሉኝ እስቲ።

ዳር ወንበር፦
አይዞሽ እህቴ። ይኸው እኮ ነው የምለው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2013 «የወንጌል ደስታ» በተባለው ጽሑፋቸው ላይ መናዘዣ የማሰቃያ ክፍል መሆን የለበትም ብለው የጻፉት ለማን ሆነና?

ታማኝ በግ፦
እህቴ ላንቺ ከልቤ አዝናለሁ፣ በደል ነው የተፈጸመብሽ። ግን አንድ አባት ጆሯቸው ስለከበደ ምሥጢሩ ይቅር ማለት ነው? ፍራንቸስኮስንም ስትጠቅሱ ሙሉውን ጥቀሱ፣ በ2014 በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ሌላውን ከማናዘዛቸው በፊት ራሳቸው ሰው ሁሉ እያያቸው ተንበርክከው ተናዘዋል። እናንተ ግን የምትወዱትን መስመር ብቻ ነው የምትለቅሙት።

ከርቀት፦
ይቅር አላልኩም። አልረሳሁም ነው ያልኩት። ሁለቱ ይለያያሉ።

ያለ አማላጅ፦
ወገኖች ለምን ትደክማላችሁ፣ በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ አንድ ነው (1ጢሞ 2፥5)። ጓዳህ ገብተህ በርህን ዘግተህ ንገረው፣ የሚጠፋም የሚበራም መብራት የለም።

ታማኝ በግ፦
ጀመረ ደግሞ። ዮሐንስ 20፥23 ላይ «ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው» የተባለው ለጓዳ ግድግዳ ነው? ያዕቆብ 5፥16 ላይ እርስ በርሳችሁ ተናዘዙ የሚለውስ?

ያለ አማላጅ፦
«እርስ በርሳችሁ» ነው የሚለው፣ ለካህን አይልም። አንተም ለእኔ ተናዘዝ እንግዲህ 😁

ቀኖና በኪሴ፦
ከፍ ብሎ ቁጥር 14 ላይ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ይጥራ ይላል፣ ከዚያ ነው 16 የሚመጣው። በነገራችን ላይ ያንተ የጓዳ ንስሐ የራስህን ፍርድ ራስህ ጽፈህ ራስህ ማኅተም መምታት ነው። እኔ ራሴን ሳናዝዝ ሁሌም ነጻ ነው የምወጣው።

ዳር ወንበር፦
ይሄ ሌላ ክር ነው፣ እባካችሁ ወደ አምፖሉ እንመለስ። ማንም አልመለሰልኝም። ቤኔዲክቶስ 16ኛ በ2009 ለካህናት ዓመት በጻፉት ደብዳቤ፣ ካህን መናዘዣው ባዶ ሆነ ብሎ እጁን መስጠት የለበትም ብለዋል። ያነሱት የአርስን፣ የፈረንሳዩን መንደር፣ ቆሞስ ቅዱስ ዮሐንስ ቪያኔን ነው። ሰውየው በ1818 አርስ ሲሄድ የኑዛዜ ሰልፍ አልጠበቀውም፣ ከአብዮቱ በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ ሰው ኑዛዜን ትቶት ነበር። ቁጭ አለ። እየቆየ ከሩቅ አገር መጥተው የሚሰለፉ ሆኑ፣ በቀን እስከ 16 ሰዓት ያናዝዝ ነበር። እሱ 20 ደቂቃ ጠብቆ መብራት አጥፍቶ ቢሆን ኖሮ?

ታማኝ በግ፦
ቪያኔ ሻማ ነበር ያለው 😏
ደግሞ በየመንደሩ ቪያኔ ይወለዳል ያለህ ማነው። አንተ ራስህ ቅዱስ ሳትሆን ቆሞስህን ቅዱስ ካልሆነ አልመጣም ትላለህ። መልስልኝ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተናዘዝከው መቼ ነው?

ዳር ወንበር፦
አንተን አይመለከትህም።

ታማኝ በግ፦
አሃ።

ዳር ወንበር፦
ምን «አሃ»? ይሄ ክርክር አይደለም፣ ጉሮሮ ማነቅ ነው። በ390 የሚላኖው ጳጳስ አምብሮስዮስ ለተሰሎንቄው ጭፍጨፋ ንስሐ ያስገባው የሮሙን ንጉሥ ቴዎዶስዮስን ነበር፣ ትልቁን ሰው። አሁን ግን ሁሌም ጣት የሚቀሰረው ወደ ወንበሩ ነው፣ ከመንበሩ በኩል «እኔስ ምን አጎደልኩ» የሚል አንድ መስመር አላየሁም።

ጠራጊዋ፦
ልጆቼ፣ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ አንድም ሰው የለም መሰለኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አባ ራሳቸው «እኔም የራሴን ኑዛዜ ወራት አሳድሬ አውቃለሁ» ብለዋል። እኔ የምኖርበትን ቁምስና 20 ዓመት የጠረግኩ ሴት ነኝ። ድሮ ኑዛዜ ከቅዳሴ በፊት ነበር፣ ሰው ለቅዳሴ ሲመጣ እግረ መንገዱን ይሰለፋል፣ እኔ ወንበር ስወለውል ሰልፉን እየዞርኩ ነበር የማልፈው። ከዚያ ወደ ቅዳሜ ተዛወረ፣ ለዚያች ብቻ ተብሎ የሚመጣ ሰው ደግሞ ታወቀበት፣ «እገሊት ምን ሠርታ ይሆን» ይባላል። ሰውስ ቢቀር ይፈረዳል? ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ግን ማንም ያላነሳው የአባ ቃል ነው፦ ሰዎች መጥተው «ጸሎት ረሳሁ» ይሉኛል፣ ከጎረቤቱ ጋር መጣላቱን የሚነግረኝ ግን የለም ያሉት። በእኛ ቁምስና ሁለት ሴቶች አሉ፣ ለስድስት ዓመት አይነጋገሩም፣ አንዷ በቀኝ አንዷ በግራ ተሰልፈው ይቆርባሉ። ሰላም ተባባሉ ሲባል እኔ መሀል ስለሆንኩ ሁለቱም እኔን ይጨብጣሉ። ማቴዎስ 5 ላይ መባህን ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ የሚለው ሲነበብ ሁለቱንም አያለሁ፣ ሁለቱም ጣሪያ ያያሉ።

ከርቀት፦
እማማ ይሄን አባ ቢጽፉት ይሻል ነበር ከአምፖሉ።

ታማኝ በግ፦
ጽፈውታል እኮ!! እሷው እየነገረችሽ።

ዳር ወንበር፦
«እየነገሩሽ» በል፣ እናትህ የሚሆኑ ሰው ናቸው።

ታማኝ በግ፦
ይቅርታ እማማ፣ በንዴት ነው።

ጠራጊዋ፦
ምንም አይደል ልጄ። ይኸው ተናዘዝክ 😄

ያለ አማላጅ፦
እርስ በርሳችሁ ይላል ብያችሁ ነበር።

ቀኖና በኪሴ፦
ይሄ ምሥጢር አይደለም፣ ይቅርታ ነው፣ አታደባልቁ።

ዳር ወንበር፦
እሺ እንግዲህ። በዚህ ቅዳሜ የራሴ ቁምስና እሄዳለሁ፣ ልክ የለጠፉት ሰዓት ሲያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው። ጨለማ ካገኘሁ ፎቶ አንስቼ እዚሁ ነው የምለጥፈው።

ታማኝ በግ፦
መናዘዣ ፎቶ ታነሳለህ? አታፍርም?

ቀኖና በኪሴ፦
በ2021 የተሻሻለው ቀኖና 1386 የሚቀጣው በኑዛዜ ላይ የተባለውን የሚቀዳውን ነው። ስለ አምፖል የሚለው ነገር የለም።

ከርቀት፦
በርቶ ካገኘኸውስ?

ዳር ወንበር፦
…

ታማኝ በግ፦
አሃ።