የጉማራን ደለል ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ስናጠና ውላችን ምን ይያዝ?

ጠያቂ (የሃይድሮሊክ ምህንድስና መምህር)፦ የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ ወደ ጣና ሐይቅ በሚገባው በጉማራ ወንዝ ላይ የደለል ጥናት ለማካሄድ ከአንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ጋር እየተነጋገርን ነው። የጎርፉንና የደለሉን ሂደት በስሌት የሚያሳየውን ሞዴል እነርሱ ሊሠሩ፣ የመስክ ልኬቱን እኛ ልንይዝ ታስቧል፤ የመረጃው ባለቤትነትና የጽሑፉ ደራሲነት ግን ለኋላ ተትቷል። በዚህ መልኩ መፈረም ይገባናልን?

መላሽ አንድ፦ መምህር፣ በእኔ እምነት አስቀድሞ መታረም ያለበት የሥራ ክፍፍሉ ነው። በዓባይ ደጋማ ተፋሰስ በሰኔና በሐምሌ፣ ማሳው ታርሶ ሰብሉ ገና መሬቱን ባልሸፈነበት ጊዜ የሚወርደው ጎርፍ፣ የፍሰቱ መጠን እኩል ቢሆን እንኳ፣ በክረምቱ ማብቂያ ከሚወርደው ይልቅ ብዙ ደለል ይሸከማል። ከፍሰቱ መጠን ተነሥቶ ደለሉን የሚያሰላ አንድ ቀመር ለወቅቱ ሁሉ የሚያበጅ ሰው ስለዚህ የመጀመሪያውን ደለል አሳንሶ፣ የመጨረሻውን አጋንኖ ይገምታል። ናሙናው መቼና በምን ያህል የጊዜ ልዩነት እንደሚቀዳ መወሰን የሚችለው ወንዙን በቅርብ የሚያውቀው ቡድን ነው። ይህ የጥናቱ ንድፍ ራሱ በመሆኑ፣ ልኬቱን የሚመራ ሰው በደራሲነት እንደሚካተት ከወዲሁ ይጻፍ። ሞዴሉም ቢሆን ለአውሮፓውያኑ ብቻ ሊተው አይገባም፤ በእነዚህ ተፋሰሶች ብዙው ጎርፍ የሚመነጨው ውኃ ከጠገበው ረባዳ መሬትና ከተራቆተው ተዳፋት መሆኑን ያላገናዘበ ስሌት፣ የእርከን ሥራውን ወደ ተሳሳተ ቦታ ሊመራ ይችላል።

መላሽ ሁለት፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ ከደራሲነት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የመረጃው ዕጣ ነው። በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በማይባር፣ በአንዲት ጥድና በአንጀኒ የተቋቋሙት የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች ዛሬም የሚጠቀሱት፣ የዝናብ፣ የፍሰትና የደለል ልኬታቸው ከዓመት ዓመት ተመዝግቦ ለሌሎች ተመራማሪዎች በመድረሱ ነው፤ የባሕር ዳርና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎችም በኋላ ተጠቅመውበታል። ጥሬው መረጃ ከነአለካኩ መግለጫ በእናንተ ተቋም እንዲቀመጥ፣ ፕሮጀክቱ ሲያበቃም የውኃ ከፍታ አንባቢውን (የወንዙን ከፍታ ከመለኪያው እያነበበ የሚመዘግበውን ሠራተኛ) ደመወዝ ማን እንደሚሸፍን በውሉ ይግባ። ጎርፍ የወንዙን ወለል ስለሚለውጠው የከፍታና የፍሰት ግንኙነቱ በየጊዜው ካልታደሰ፣ ከጥናቱ በኋላ የሚነበበው ከፍታ ትክክለኛ ፍሰት አይሰጥም።

ጠያቂ፦ ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የናሙና አወሳሰዱን ዕቅድ እኛ አርቅቀን ከውሉ ጋር በአባሪነት እንልካለን፤ የአንባቢው ደመወዝም በበጀቱ ውስጥ ራሱን ችሎ እንዲያዝ እንጠይቃለን።